ማሳሰቢያ፦ በውኃ ጠርሙስ ስለሚቀመጥ በረኪና

በመካነ ኢየሱስ ከተማና በእስቴ ገጠሮች፣ በጋይንትና በስማዳም የምትኖሩ ወገኖች፤ የንግድ፣ የጤናና የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፤ ይህ ማሳሰቢያ ለሁላችሁም ነው። የምናሳስባችሁ አደጋ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ከበር ኋላ፣ ከመወልወያው አጠገብ፣ በውኃ ጠርሙስ ተሞልቶ ተቀምጧል።

በረኪና ዛሬ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። ሽንት ቤት ይታጠብበታል፣ ነጭ ልብስ ይዘፈዘፍበታል፣ የሆቴሉ ወለል ይወለወልበታል። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ተለመደ። አጠገቡ የሽንት ቤት አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ይቀመጣሉ። ቤታችሁን አታጽዱ የሚል የለም። የሚዘነጋው ግን እነዚህ ነገሮች እድፍ ብቻ ሳይሆን ሥጋም እንደሚልጡ ነው።

ውሻና ድመት የተጻፈ አያነቡም። የጠማው ውሻ የተወለወለበትን ባልዲ ውኃ ብሎ ይጠጣል። ድመት ደግሞ መጠጣት እንኳ አያስፈልጋትም። ወለሉ ሳይደርቅ ትረግጠዋለች፣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ከዚያ እግሯን ትልሳለች። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ነውና፣ መዳፏን የነካው ሁሉ ምላሷ ላይ ይደርሳል። ጠረኑ የንጽሕና ምልክት የሆነልን ዲቶልም ለእሷ መርዝ ነው፤ ጉበቷ በውስጡ ያለውን ኬሚካል በቀላሉ ሊያስወግደው አይችልም። ስለዚህ ለቁንጫ ብላችሁ ድመት በዲቶል አትጠቡ። ውሻንም በበረኪና አትጠቡ።

አሲድ ወዲያው ያቃጥላል፤ እንስሳው ቀምሶ ሊሸሽ ይችላል። ኮስቲክ ሶዳ ግን መጀመሪያ ላይ ብዙም ሕመም ሳያሰማ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይበላል። ጉዳቱ በግልጽ እስኪታይ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ምላሱ ይነጣል ወይም ይቆስላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ምግብ እያየ አይበላም፣ አፉን በእግሩ ይፈትጋል። ተርፎ የዳነ ቢመስል እንኳ፣ ከሳምንታት በኋላ የቁስሉ ጠባሳ የምግብ ቧንቧውን ያጠብበውና የቀረበለትን መዋጥ አቅቶት ይከሳል።

እዚህ ላይ ሁለተኛው አደጋ ይመጣል። ለሃጩ የሚዝረበረብና መዋጥ ያቃተው ውሻ በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘም ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። አንዱ ባለቤት አበደ ብሎ በድንጋይ ያስወግረዋል፤ የገደለው ምናልባት አፉ የተቃጠለን የቤቱን ጠባቂ ነው። ሌላው ደግሞ በረኪና ጠጥቶ ወይም አጥንት ተሰክቶበት ነው ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። የኋለኛው ስሕተት የባሰ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሲጠጣ በዓይናችሁ ያላያችሁትን ወይም ያልተከተበን ውሻ አፉን አትንኩ። ክፍል ውስጥ ዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠበው፣ በዚያው ቀንም ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበል የምትሄዱም ክትባቱን አስቀድሙ።

ሲጠጣ ካያችሁት ደግሞ እንዲህ አድርጉ። እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ የወረደው ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል። ሎሚም ሆነ ሌላ ማርከሻ አትስጡት። በራሱ መዋጥ ከቻለ ጥቂት ውኃ ወይም ወተት አቅርቡለት። ጠጉሩን፣ እግሩን ወይም ዓይኑን ነክቶት ከሆነ እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍናችሁ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡት። ድመት ከሆነች ታጥባ እስክታበቃ ራሷን እንዳትልስ በጨርቅ ያዟት። ከዚያ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱ፤ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ።

በረኪናንና አሲድን አንድ ላይ የሚደፉም አሉ፤ የተሻለ ያጸዳል በሚል። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ራሱ። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይተኛል። ቀድመው የሚተነፍሱት ድመቷ፣ ቡችላውና የሚድኸው ሕፃን ናቸው።

የእንስሳት ነገር ነው ብሎ ያለፈው ሰው ሕፃኑን ያስብ። ቡችላ የደረሰበት ጠርሙስ ላይ ሕፃንም ይደርሳል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2007 እና 2008 እ.ኤ.አ. በመርዝ ታመው የተኙ 116 አዋቂዎች ሲጠኑ፣ ከመርዞቹ ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የተገኘው የቤት ማጽጃ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሆን ብለው የጠጡ ናቸው፤ ያም ቢሆን በቀላሉ እጅ የሚገባ መርዝ ለተጨነቀ ሰውም ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያሳያል።

የንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፤ ስምና ማስጠንቀቂያ በሌለበት የውኃ ጠርሙስ በረኪና ሲሸጥ ዝም አትበሉ። ነጋዴው ክፉ አስቦ አይደለም፤ የነገረው ስለሌለ ነው። የጤና ጽሕፈት ቤት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ሽንት ቤት ሲያስተምሩ ስለ ማጽጃው አቀማመጥም ያስተምሩ። የእንስሳት ጽሕፈት ቤት፤ የተከተበ ውሻ ሲታመም ባለቤቱ ሳይፈራ ይረዳዋልና የውሻ ክትባት በየቀበሌው ይድረስ። ባለሆቴሎች፤ የባልዲውን ትራፊ ወደ ቦይ አትድፉ። ከቦዩ ውሻ ብቻ ሳይሆን አህያና በግም ይጠጣል።

ወገኖች፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቤት ያለውን በረኪና ፈልጉት። ክዳኑን አጥብቁት፣ በላዩ ላይ በጉልህ ጻፉበት፣ ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉበት። ባልዲውን ደፍታችሁ አለቅልቁት፣ ወለሉ እስኪደርቅ በሩን ዝጉ። ለውሻውና ለድመቷም ንጹሕ ውኃ በየዕቃቸው አስቀምጡላቸው።