ባቡሩ በብር ይሰበስባል፤ በዶላር ይከፍላል

የአዲስ አበባ ከተማ ባቡር ቀጣይ መስመሮች ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ የሚጀምረው ከካርታው ነው፡፡ በየት በኩል ይለፍ? በድልድይ ላይ ወይስ በመሬት ውስጥ? ይባላል፡፡ ነጋዴ ግን ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ገቢው በምን ገንዘብ ነው? ዕዳውስ?

የመጀመሪያው ባቡር ሂሳብ በእጃችን አለ፡፡ 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር፤ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው፡፡ የምኒልክ አደባባይ - ቃሊቲ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቲኬቱ ዋጋ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፡፡ ያኔ አንድ ዶላር በ21 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር ጠቅላላ ወጪው 10 ቢሊዮን ብር አካባቢ ነው፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ100 ብር አለፈ፡፡ ያው 475 ሚሊዮን በዚህ ዋጋ ሲመታ ከ47 ቢሊዮን ብር በላይ ይሆናል፡፡ ሐዲዱ አንድ ሜትር አልጨመረም፡፡

ዕዳው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፡፡ መለዋወጫውም የሚገዛው በዶላር ነው፡፡ የውጭ ምንዛሪ በጠፋባቸው ዓመታት ባቡሮቹ አንድ በአንድ እየቆሙ ከ41ዱ ከግማሽ በታች ብቻ የሚሠሩበት ጊዜ መጣ፡፡ ባቡር ሲቀንስ ገቢ ይቀንሳል፤ ገቢ ሲቀንስ መለዋወጫ አይገዛም፡፡ ኤልሲ ለመክፈት የባንክ ደጅ የጠና አስመጪ ይህን አዙሪት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል፡፡

ታሪፍ ይጨመር የሚሉ አሉ፡፡ ብር የወደቀውን ያህል ይጨመር ከተባለ ባለ 6 ብሩ ቲኬት 30 ብር ሊገባ ነው፡፡ ባቡሩ የተሠራለት የቀን ሠራተኛ ያን ጊዜ በእግሩ ይሄዳል፡፡

የሚያዋጣው መሬቱ ይመስለኛል፡፡ የሆንግ ኮንጉ የሜትሮ ኩባንያ ኤምቲአር ከቲኬቱ ጎን ለጎን በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ ሕንፃ እያለማ ያተርፋል፡፡ እኛ ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ሊቀል በተገባ፤ መሬቱ የመንግሥት ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረትም በሊዝ ይተላለፋል፡፡ አዲስ ጣቢያ በሚተከልበት አካባቢ የሚገኘውን የሊዝ ገቢ አስቀድሞ ለባቡሩ ዕዳ መመደብ ምን ይከብዳል? ሊዙም የሚከፈለው በብር መሆኑ እውነት ነው፡፡ ሆኖም ብር ሲወድቅ የመሬት ጨረታ ዋጋ አብሮ ይወጣል፤ ቲኬት ግን ባለበት ይቆማል፡፡

ሌላው የሚገርመው ገበያና ሐዲድ የማይተዋወቁ መሆናቸው ነው፡፡ ጎጃም እስካሁን ሐዲድ የለውም፡፡ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከገበዝ ማርያም አካባቢ በርበሬና በቆሎ የጫነ አይሱዙ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ በሱሉልታ አድርጎ፣ መርካቶ እስኪገባ ድረስ ሁሉም ነገር በጎማ ነው፡፡ የከተማው ባቡር ምኒልክ አደባባይ ላይ ስለሚያበቃ የጎጃም በርን ጨርሶ አይነካም፡፡ ጎጃም በረንዳ የሚባል ጣቢያ ግን አለው! ጣቢያው ለሰው እንጂ ለኩንታል አልታሰበም፡፡ የአትክልት ተራ ጣቢያ ዕጣማ ከዚህም ይብሳል፡፡ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ጅምላ ንግዱ ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ሐዲድ ወደማይደርስበት ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ፡፡ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ አምስት ዓመት ሳይሞላው ገበያው ሄዶ ጣቢያው ከነስሙ ቀረ፡፡ ወረርሽኝን ማንም አያቅድም፤ ገበያው ወዴት እንደሚሄድ ሲወሰን ግን ሐዲዱን ያስታወሰ ሰው አልነበረም፡፡

እንግዲህ ቀጣዩ ፕላን ይፋ ሲሆን ከካርታው ጋር ሁለት ወረቀት እንዲያያዝ ንግድ ምክር ቤቱም፣ ባለሀብቱም ይጠይቅ፡፡ አንደኛው ብር በግማሽ ቢወድቅ ዕዳውና መለዋወጫው ከምን እንደሚከፈል የሚያሳይ ሂሳብ፤ ሁለተኛው የጅምላ ገበያዎቹ በመጪዎቹ 15 ዓመታት የት እንደሚሆኑ የሚገልጽ፣ የከተማው ማኅተም ያለበት ውሳኔ፡፡ ሁለቱም ከኮንትራቱ ፊርማ በፊት መቅረብ አለባቸው፡፡