በሞቴ ስንል

«ጠግቤያለሁ» ያለ እንግዳ በእኛ ማዕድ ታምኖ አያውቅም። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እየተባለ ስኳር ያለበትም፣ ሐኪም ጨው የከለከለውም፣ ቅቤ የማይስማማውም እኩል ይለመናል፤ እኩል ይጎርሳል። አጉራሹ ክፋት የለበትም። እንዲያውም ከሥነ ምግባር ሕጎች ሁሉ በጣም የታወቀውን እየፈጸመ ነው፤ ለራሱ ቢደረግለት ደስ የሚለውን ለእንግዳው እያደረገ። ይህን ሕግ በተራራው ስብከት እናገኘዋለን። ከነወዊ አርባ ሐዲሶች 13ኛውም ለራስ የሚወዱትን ለወንድም መውደድን ከእምነት ጋር ያስተሳስረዋል።

ችግር የሚመጣው እኔ የምወደውና እርስዎ የሚወዱት ሲለያይ ነው። የአየርላንዱ ጸሐፌ ተውኔት በርናርድ ሾው በ1903 እ.ኤ.አ. «ማን ኤንድ ሱፐርማን» ከተባለው ተውኔቱ ጋር ባሳተማቸው አጫጭር አባባሎች ውስጥ ሕጉን ገልብጦ አፊዞበታል፤ የሰው ምርጫ ስለማይገጥም ለራስህ የምትሻውን በሌላው ላይ አትሞክር ባይ ነው። ሾው ማላገጥ ይወድ ነበር። እዚህ ላይ ግን እውነቱን ነው። ልጁን እሱ ያማረውን ትምህርት በግድ የሚያስጠና አባት፣ እህቱን እሱ የመረጠላትን ሰው እንድታገባ የሚወተውት ወንድም፣ ሁሉም «ለራሴ የምመኘውን ነው የተመኘሁልህ» ይላሉ። አይዋሹም፤ ከፍቅራቸው የማያስጥለንም ይኸው ነው።

ሕጉ ሌላም መልክ አለው፤ «አታድርግ» የሚለው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት በሚቆጠረው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ምዕራፍ 4 ላይ ዓይኑ የጠፋው ጦቢት ልጁን ወደ ሩቅ አገር፣ በአደራ ያስቀመጠውን ብር እንዲያመጣ ሊልከው ሲል ይመክረዋል። ከምክሮቹ አንዱ አንተ የምትጠላውን በማንም ላይ እንዳታደርግ የሚል ነው። የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ታልሙድ ደግሞ አንድ ባዕድ ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ ሳለ የኦሪትን ሕግ በሙሉ እንዲያስተምሩት የጠየቀበትን ታሪክ ይተርካል። መምህሩ ሻማይ በያዘው የግንበኛ መለኪያ ዘንግ አባረረው፤ ሌላው መምህር ሂሌል ግን ያንኑ የጦቢትን ምክር ነግሮት ሲያበቃ የቀረው ማብራሪያ ነውና ሂድ ተማር አለው። ኮንፊውሺየስም ዕድሜ ልክ የሚመሩበት አንድ ቃል ካለ ንገረኝ ላለው ደቀ መዝሙሩ የመለሰለት ይህንኑ ነው።

የጦቢት ልጅ የማያውቀው ሰው አገር ሊገባ ነው። ሂሌል ፊት የቆመውም ባዕድ ነው። ጠባዩን የማናውቀውን ሰው ምን ደስ እንደሚለው መገመት ያስቸግራል፤ መሰደብ፣ መዘረፍ፣ መታለል እንደማይወድ ግን ማንም ያውቃል። ስለዚህ ለእንግዳ ሰው፣ በተለይም አቅሙ ከእኛ ላነሰ እንግዳ ሰው፣ «አታድርግ» ከ«አድርግ» ይሻላል ባይ ነኝ። የቤት ሠራተኛዋን «እንደ ልጄ ነው የማያት» ከምትል እመቤት ይልቅ ደመወዝ የማታዘገይ፣ የእረፍት ቀን የማትነካ፣ በሰው ፊት የማትቆጣ እመቤት ትሻለኛለች።

ይህም ሕግ ቢሆን ጉድለት አለበት። ፈላስፋው ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ተችቶታል። በእርሱ አባባል «አትርዱኝ፣ እኔም አልረዳችሁም» ብሎ በደስታ የሚስማማ ብዙ ሰው አለ፤ ወንጀለኛም በዚሁ ሕግ ዳኛውን ሊሟገተው ይችላል። የመጀመሪያውን ሰው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ያውቀዋል። ሙዚቃ አያስጮህም፣ ቆሻሻ ደረጃ ላይ አይጥልም፣ የማንንም መኪና መውጫ አይዘጋም። ከፎቁ ላይ አስከሬን ሲወርድ ግን የማን እንደሆነ አያውቅም። አንድም ሕግ አላፈረሰም፤ ጎረቤትም አልሆነም።

በሁለቱ መካከል ሕዝባችን ሌላ ሕግ ይዟል፤ ብድር በምድር። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮበርት አክስልሮድ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሚተርከው ውድድር ይህን ሕግ በኮምፒውተር የፈተነ ነው። ሁለት ተጋጣሚዎች በየዙሩ ወይ ይተባበራሉ ወይ ይካካዳሉ። ከየቦታው 14 ፕሮግራሞች ቀረቡ፤ ብልጣ ብልጡ፣ አድፋጩ፣ ቂመኛው ሁሉ ተሰለፈ። ያሸነፈው አናቶል ራፖፖርት የላከው፣ ከሁሉም አጭሩ ነበር። መጀመሪያ ይተባበራል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላው ባለፈው ዙር ያደረገውን ይመልሳል። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ በተደረገው ሁለተኛ ውድድር 62 ፕሮግራሞች ተሰለፉ፤ ድሉን ደገመ። የሚገርመው፣ በአንድም ግጥሚያ ከተጋጣሚው የበለጠ ነጥብ ሊያገኝ አይችልም። ድምሩን የሰበሰበው ከብዙዎች ጋር ተስማምቶ በማደር ነው።

የዕድር ሊቀመንበር ይህን ቢሰማ ብዙም አይደነቅም። ለቀብር ያልወጣ ይቀጣል፤ ቅጣቱን ሲከፍል ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቂም በመዝገብ አይያዝም። ይቅርታው ዋና ነገር ነው። ኖዋክና ሲግመንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1992 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ስህተት በሚያጋጥምበት ዓለም አልፎ አልፎ ይቅር የሚል ብድር መላሽ ፈጽሞ ይቅር ከማይለው ይሻላል። ምክንያቱም በስህተት የተሰነዘረች አንዲት ክህደት ብድር መላሾችን ማቆሚያ የሌለው ብቀላ ውስጥ ትከታለች። ደም መመለስ ባለበት አገር ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያሻም፤ ሽማግሌዎች በካሳና በእርቅ ጣልቃ የሚገቡት ለዚሁ ነው። የዕድር ሕግ የማይደርስለት ሰው ግን አለ፤ መዋጮ መክፈል አቅቶት ስሙ የተሰረዘ።

ሦስቱንም ሕጎች የሚያስጨንቃቸው አንድ የእኛ ጉዳይ አለ፤ መርዶ። አገር ቤት እናቱ የሞተችበት ሰው ዋሽንግተን ይኖራል እንበል። ወዳጅ ዘመዱ ይሰማል፤ እሱ አልሰማም። ስልክ ተደዋውለው፣ ፌስቡክ ላይ እንዳይለጠፍ ተማጥነው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ምክንያት አላቸው። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ መኪና እየነዳ እንዳይሰማ፣ ሥራ ቦታ ባዕድ መሐል እንዳይሰማ ነው። ይህ ለእኔ ከባህላችን ትልልቅ ደግነቶች አንዱ ነው። ግን ነፍሰ ጡር ናትና እስክትገላገል፣ ፈተና አለበትና እስኪጨርስ እየተባለ ሳምንቱ ወር ይሆናል። አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ ብትሰማም መምጣት አትችልም ተብሎ፣ ኮንትራቷን ጨርሳ እስክትመለስ የሚደበቅበት ጊዜ አለ። በየሳምንቱ «እናቴን አገናኙኝ» ስትል «ጠበል ሄዳለች» ይሏታል።

«ለራስህ የምትወደውን አድርግ» ያልነው አጎት፣ እኔም ብሆን በዘመድ መሐል ብሰማው ነው የምወደው ብሎ ይደብቃል። «የምትጠላውን አታድርግ» ስንለው ይጨነቃል፤ ብቻውን በስልክ መርዶ መስማትንም፣ ወራት ሙሉ መዋሸትንም የሚወድ የለምና። «ብድር መልስ» ብንለው ለእሱም እንደዚሁ ተደብቆለት ነበር።

ፈላስፋው ካርል ፖፐር ስለ ክፍት ማኅበረሰብ በሚያወራው ሥራው፣ የታወቀው ሕግ የሚሻሻለው በተቻለ መጠን ሌሎቹ ራሳቸው እንደሚፈልጉት በማድረግ ነው ይላል። መጠየቅ ነዋ! መርዶ ላይ ግን ይህም ይከሽፋል። «እናትህ ብታርፍ እንዴት ይነገርህ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ መርዶ ነው። ታዲያ ሁሉም ጤነኛ ሳለ መጠየቅ ነው የቀረው። እዚያ ላይ ደግሞ «አታሟርት» የሚል ይመጣል። ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው ስላልታሰበ አይመስለኝም፤ አሟራች ላለመባል ነው። እኔ አሟራች መባሉን እመርጣለሁ።

ስቶክሆልም የምትኖር አንዲት የማውቃት ሴት ባለፈው ክረምት አገር ቤት መጥታ ሳለ ቡና ላይ ይህንኑ አነሳችው። የሆነ ነገር ቢፈጠር በዚያው ሰዓት በስልክ ንገሩኝ፤ ሰው አሰልፋችሁ በሌሊት ደጄን እንዳታንኳኩ አለች። ወንድሞቿ ተቆጡ፤ እናትየዋ ግን ሰምተው ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «እሺ፣ ለእሷ እንዳለችው አድርጉላት» አሉ። «እኔን ግን አደራችሁን፤ ስለ እሷ ክፉ የሰማችሁ እንደሆነ በሌሊት፣ ከነጎረቤቶቼ ኑልኝ።»