«እኔ ጋ ይሠራል» መልስ አይደለም

ስክሪፕት ጽፋችሁ የምታጋሩ ልጆች፣ አንድ ሰው «አልሠራልኝም» ሲላችሁ «እኔ ጋ ይሠራል» ማለቱን ተዉት! እናንተ ጋ መሥራቱን ማን ጠየቀ?

«ሰላም» ስንት ፊደል ነው? አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ 3 ይላችኋል። ኦክ የሚባለውን የጽሑፍ መሣሪያ ጠይቁት። ጋውክ የተባለው ዓይነት በዩቲኤፍ-8 ሲሠራ 3 ይላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ለዓመታት አብሮ ሲመጣ የኖረው ማውክ ግን 9! የሚቆጥረው ባይት ነዋ፤ አንዱ ፊደላችን ደግሞ 3 ባይት ነው። ትዕዛዙ አንድ፣ መልሱ ሁለት። በዚህ ቆጠራ የስም ዝርዝር ስትቆርጡ የተማሪው ስም መሃል ፊደል ላይ ይሰነጠቃል። በእንግሊዝኛ ስም ብቻ ከሞከራችሁት ይሄ ጉድ አይታያችሁም፤ እዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው።

«ጋውክን ጫን» ትላላችሁ። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ተማሪው የመጫን ፈቃድ አለው እንዴ?

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ስክሪፕቱ የትኛውን መሣሪያና የትኛውን ቨርዥን እንደሚፈልግ አናቱ ላይ ጻፉ። ከማጋራታችሁ በፊት ደግሞ በአማርኛ ስም ሞክሩት። በገዛ ፊደላችን ያልተሞከረ ሥራ፣ ለኛ ገና አላለቀም።