ከአደባባዩ በኋላ፦ አብዮት የሚወርሰው መንግሥት

አብዮት በተነሣ ቁጥር አሮጌው መንግሥት ፈረሰ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚወድቀው ገዥው እንጂ መንግሥቱ አይደለም። የነፃ መኮንኖች ቡድን እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1952 በካይሮ ሥልጣን ሲይዝ፣ ከመሐመድ አሊ ዘመን አንሥቶ የተገነባው የመስኖ፣ የግብርና የጦር ሠራዊት መዋቅር በቦታው ነበር። መኮንኖቹ መንግሥትን አልፈጠሩም፤ ወረሱት። የቀረው ጥያቄ መንግሥቱ የማን ነው የሚለው ነበር።

ጥያቄው ቀደም ብሎ በ1919 ተነሥቷል። ሳዓድ ዛግሉል ወደ ማልታ በተጋዙ ጊዜ ተማሪውም፣ ጠበቃውም፣ ገበሬውም በአንድነት ቆመ። ብሪታንያ በ1922 አራት ጉዳዮችን በእጇ አስቀርታ የግብፅን ነፃነት ተቀበለች፤ በ1923 ሕገ መንግሥት ወጣ። ሆኖም በፓርላማው የባለ ርስቶች ድምፅ ገኖ ስለነበር መሬት የለሹ ገበሬ ከነፃነቱ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው።

የ1952ቱ መኮንኖች ይህን ተረድተዋል። ሥልጣን በያዙ ሰባት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 9፣ የአንድ ሰው ይዞታ ከ200 ፈዳን እንዳይበልጥ ደነገጉ፤ ጣሪያው በ1961 ወደ 100፣ በ1969 ወደ 50 ወረደ። ትርፉ መሬት ከ2 እስከ 5 ፈዳን እየተከፈለ፣ ዋጋው በረጅም ዓመታት እንዲከፈል ለገበሬዎች ታደለ። በኢትዮጵያ የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ፣ የግብፁ ግን ባለ ርስትነትን ለግለሰብ ሰጠ።

ነገር ግን መሬት የተቀበለ ሁሉ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል መሆን ግዴታው ነበር። ዘሩም፣ ማዳበሪያውም፣ ብድሩም የሚመጣው በማኅበሩ በኩል ነው። ባለ ርስቱ ከመሃል ሲወጣ ገበሬው ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። የዘመናዊው መንግሥት ክንድ መንደር የደረሰው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ በአደባባይ ንግግር አይደለም።

ለገበሬው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም መሬትን ለማከፋፈል የቸኮለው እጅ ሥልጣንን ለማካፈል አልቸኮለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተሻረ፤ በተከታዩ ጃንዋሪ ፓርቲዎች ታገዱ። በ1953 ሪፐብሊክ ታወጀ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄኔራል ናጊብም በኖቬምበር 1954 ከሥልጣን ተወገዱ። ባለ ርስቱን የሚከስበት ሕግ ያገኘው ገበሬ፣ በማኅበሩ ሹም ላይ የሚያቤቱትለት ተቃዋሚ ፓርቲ በምክር ቤት አልነበረውም።