መድኃኒቱ በመድን፣ ልኩ በግምት

ይድረስ ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት

ጉዳዩ፦ የስኳር ሕሙማን በቤታቸው የሚያደርጉት ልኬት ከመድን ሽፋን ውጭ ስለመቅረቱ

የጅማን መንገድ ይዞ ከአዲስ አበባ የወጣ መንገደኛ ሰበታንና ተፍኪን አልፎ የበቾን ሜዳ ሲያቋርጥ ተጂን ያገኛል። አገሩ የጤፍ፣ የሽምብራና የጓያ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ጥቁር አፈሩ እግር ይይዛል፤ አዋሽና ገባሮቹም ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ለሚኖር ሰው በሐምሌና በነሐሴ ጤና ጣቢያ መድረስ ራሱን የቻለ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ከዚህ ሜዳ አንድ ገበሬ ይታሰብ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን ከፍሏል፣ ደብተሩን ይዟል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋል። በወር አንድ ቀን ምግብ ሳይቀምስ ማልዶ ይነሳል፣ ጤና ጣቢያ ይደርሳል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ጣቱን ይወጋል። ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይጻፍለትና ኢንሱሊኑን ተቀብሎ ይመለሳል። ቤቱ ሲደርስ ጠርሙሱን እንደተመከረው በእንስራ ጥላ ሥር ያስቀምጣል። በዓመት አሥራ ሁለት ቀጠሮ፣ አሥራ ሁለት የደም ጠብታ መሆኑ ነው። ቀጠሮው ሲቃረብ አመጋገቡን የማያስተካክል ታካሚ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አሥራ ሁለቱም ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ደህናዎቹ ቀናት ነው።

በቀሩት ሦስት መቶ ሃምሳ ሦስት ቀናት ገበሬው ስንት ዩኒት መውጋት እንዳለበት በምን ያውቃል? በስሜቱ ነው። ላብ ካጠመቀው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ብዥ ካለ ስኳሩ ወርዷል ይላል፤ ውኃ ውኃ ካለውና ሽንቱ ከበዛ ወጥቷል ይላል። ለዓመታት በበሽታው የኖረ ሰው ግን ይህም ምልክት እየደበዘዘበት ይሄዳል። ሳያልበው፣ ሳይንቀጠቀጥ በድንገት ይወድቃል።

የዚህ ደብዳቤ ወቀሳ በጤና ጣቢያው ላይ አይደለም። ነርሷም፣ ላቦራቶሪውም፣ ደብተሩ ላይ ማህተም የሚያሳርፈው ሠራተኛም የተሰጣቸውን ሥራ እየሠሩ ነው። ወቀሳው መድኑ ገንዘቡን በሚያወጣበት መንገድ ላይ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ መድኑ ከጤና ተቋማት ጋር ውል ይገባል፣ ተቋሙ ለአባላት የሰጠውን አገልግሎት መዝግቦ ሒሳብ ያቀርባል፣ መድኑም በአብዛኛው በዚያ ዝርዝር መሠረት ይከፍላል። ምርመራ፣ ላቦራቶሪ፣ አልጋ፣ መድኃኒት ሁሉም በሒሳቡ ላይ ቦታ አላቸው፤ የተቋሙን አጥር ሳይለቅ የተሠራ ሥራ ሁሉ ይታያል። ገበሬው ማታ በኩራዝ ብርሃን የሚያደርገው ልኬት ግን ሒሳብ የሚያቀርብለት አካል የለውም። ማንም ተሰብስቦ «ይህ አይገባም» ብሎ አልከለከለውም ይሆናል፤ የሒሳቡ ቅጽ አያውቀውም እንጂ። እንደ መነጽር፣ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስና እንደ ውበት ቀዶ ሕክምና በይፋ ከሽፋን ውጭ የተባሉ ነገሮች እንኳ ቢያንስ ተጽፈዋል፣ ሊሟገቷቸው ይቻላል።

የአብዛኛው በሽታ ሕክምና ሐኪሙ ዘንድ ይከናወናል። የስኳር በሽታ ግን የሚታከመው ጓዳ ውስጥ ነው። መጠኑን የሚወስነው፣ መርፌውን የሚይዘው፣ እራት ከበላ በኋላ ወይም ሳይበላ የሚተኛው ታካሚው ራሱ ነው። ሐኪሙ በዓመት ውስጥ ከእሱ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ቢደመር ጥቂት ሰዓት ነው። ኢንሱሊን ሰጥቶ መለኪያ መንፈግ የመድኃኒቱን ግማሽ እንደ መንፈግ ይቆጠራል፤ ይህ መድኃኒት ሲበዛ የሚገድል፣ ሲያንስም የሚገድል ነውና።

ጾሙ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም አለ። ቄሱም ኢማሙም ሕመምተኛ እንዳይጾም ይመክራሉ፣ ሐኪሙም ይከለክላል፤ የሚጾመው ግን ይጾማል። ጠዋት ኢንሱሊኑን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው በየትኛው ሰዓት ወደ አደጋ እንደሚጠጋ ከመለኪያው በቀር የሚነግረው የለም። ለዚህ ሰው «አትጹም» የሚለው ምክር ብቻውን የሚያደርገው ነገር ቢኖር በሚቀጥለው ቀጠሮ መጾሙን ለሐኪሙ እንዳይናገር ማስተማር ነው።

አንድ የቆየ ሐሜት እዚህ ላይ መነሳት አለበት። የስኳር በሽታ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ስሙን ከስኳር ስለወሰደ የጠገበ ሰው፣ የከተማ ሰው፣ የቢሮ ሰው በሽታ ይመስላል። ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ ከብሪታኒያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ ጋር ሆነው፣ ለዓመታት ያዩት የተለየ ነበር፤ ቀጫጭን፣ ድሃ፣ ገጠሬ፣ ግን ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉ ወጣቶች። በ2009 እ.ኤ.አ. ዳያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ላይ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና መከፈት የለበትም ወይ ብለው ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህንኑ ዓይነት «ዓይነት 5» ብሎ ሲቀበለው ዓመቱ 2025 እ.ኤ.አ. ሆኖ ነበር። እነዚሁ ሐኪሞች ሌላም ሥራ ሠርተዋል፦ ከጎንደርና ከጅማ ሆስፒታሎች የኢንሱሊን ክትትሉን አውርደው በነርሶች እጅ በገጠር ጤና ጣቢያዎች አስቀመጡት። ታካሚው የቀናት ጉዞ ቀረለት። ክትትሉ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ መውረድ ከቻለ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ቤት የሚወስደው የመጨረሻው እርምጃ ለምን መድኑ ጋ ሲደርስ ቆመ?

የፌዴሬሽኑ የ2021 እ.ኤ.አ. ግምት በኢትዮጵያ 1.9 ሚሊዮን ገደማ አዋቂዎች ከስኳር በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ያሳያል። ሁሉም መርፌ አይወጉም፤ ኪኒን የሚበቃቸው ይበዛሉ። በየዕለቱ መለካት ግዴታቸው የሆነው የሚወጉት ናቸው። ይህ ልዩነት ለመድኑ ጥሩ ዜና መሆን ነበረበት።

አሁን ወደ መሣሪያው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግሉኮሜትሩን ነው፦ ጣት ይወጋል፣ ጠብታው ስትሪፕ የተባለችው የመለኪያ ቁራጭ ላይ ያርፋል፣ በሴኮንዶች ውስጥ ቁጥር ይወጣል። በቀን ሁለቴ የሚለካ ሰው በዓመት 730 ስትሪፕ ይፈልጋል፤ ሃምሳ የያዘው ብልቃጥ ቢሆን አሥራ አምስት ብልቃጥ። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፣ ኪስ የሚጎዳው ስትሪፑ ነው። ስትሪፕ ደግሞ ከራሱ ማሽን በቀር ሌላ አያውቅም። በዚህ ምክንያት ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የመጣ፣ የሚስማማው ስትሪፕ እዚህ ገበያ የሌለ ግሉኮሜትር በየመሳቢያው ተኝቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የሄደበትን መንገድ ስትሪፑም ሄዶበታል።

ሁለተኛው መሣሪያ ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰር ነው። ሳንቲም የሚያህል ክብ ነገር ነው፤ ከቆዳ ሥር በገባች ቀጭን ክር ስኳሩን ሌት ተቀን ይለካል፣ ንባቡን ወደ ስልክ ወይም ወደ ማንበቢያው ይልካል። ፍሪስታይል ሊብሬ የተባለው የአቦት ምርት በ2014 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ገበያ ሲገባ አንዱ ሴንሰር ለ14 ቀን ይሠራ፣ በየሩብ ሰዓቱ ይመዘግብ ነበር። በቀን 96፣ በዓመት 35,040 ንባብ ይሆናል። የተጂው ገበሬ አሥራ ሁለት ነበረው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ክንዱ ላይ የለጠፈ ሰው ቢታይ፣ ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር የሚልክለት ልጅ ወይም እህት አለው ማለት ነው። ሁለት ሴንሰር ያለበት ስጦታ በአራት ሳምንት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያው ግምት ነው።

ሀብታሞቹ አገሮች ይህን በአንድ ጀንበር አልፈቱትም፤ የሠሩትም ስህተት የሚያስተምር ነው። የአሜሪካው የአረጋውያን መድን ሜዲኬር በ2017 እ.ኤ.አ. ሴንሰር መሸፈን ሲጀምር አንድ ታካሚ እንዲፈቀድለት በቀን አራት ጊዜ ጣቱን እየወጋ እንደሚለካ ማስመስከር ነበረበት። ጣት ከመወጋት የሚያድን መሣሪያ ለማግኘት ጣትን በቀን አራት ጊዜ መውጋት! ይህ መስፈርት የተነሳው ሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ሽፋኑ ኢንሱሊን ለሚወስዱ ሁሉ ሰፋ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሴንሰር ማግኘት አለማግኘት በሰፈር የሚወሰን ነበር፤ አንዱ አካባቢ ሲከፍል የጎረቤቱ አይከፍልም። የአገሪቱ ጤና አገልግሎት ከሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መስፈርቱን ለሚያሟሉ የዓይነት 1 ታማሚዎች በመላው እንግሊዝ አንድ ዓይነት አደረገው፤ ዓይነት 1 ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮችም በዕቅዱ አስቀደመ። ፈረንሳይ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ብሔራዊ ሽፋኗ አስገብታው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአስፈላጊ ምርመራዎች ዝርዝር ታካሚው ራሱ የሚጠቀምበትን የስኳር መለኪያ አካትቷል። ዝርዝሩ ለኢትዮጵያ ዓይነት አገሮችም የተጻፈ ነው።

የአገልግሎቱ መልስ ከወዲሁ ይታወቃል፦ ገንዘብ የለም። መልሱ ውሸት አይደለም። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች፣ ኦሮሚያ ውስጥ በጊምቢቹ፣ በኩዩ፣ በደደርና በሊሙ ኮሳ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ መድን ሙከራ ዛሬ አገር የሚያህል ሆኗል፤ ቋቱ ግን ከገበሬ በሚሰበሰብ መዋጮና ከመንግሥት ድጎማ የሚሞላ ቋት ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን ደግሞ አዋጁ በ2002 ዓ.ም ቢወጣም ከአሥር ዓመት በላይ ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። የሰበታ ፋብሪካ ሠራተኛ ለመደበኛ ባልሆነው ዘርፍ በተዘጋጀው መድን ውስጥ ቦታ የለውም፣ የራሱም አልመጣለትም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሁሉ ነገ ሴንሰር ይለጠፍለት የሚል ሰው የአገሩን ኪስ አያውቅም።

ነገር ግን መድኑ ገንዘብ እያወጣ ያለው የት ላይ እንደሆነ ይታይ። ስኳሩ ሰማይ ወጥቶ፣ ደሙ አሲድ ሆኖ፣ ራሱን ስቶ በአምቡላንስ ቱሉ ቦሎ ወይም ወሊሶ ለሚገባ አባል አልጋውን፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ፣ ላቦራቶሪውንና ክትትሉን ይከፍላል። እግሩ ቆስሎ ለሚቆረጥበትም ይከፍላል። ይህን ሁሉ ሳምንታት ቀድሞ ሊናገር ይችል ለነበረው ስትሪፕ ግን አይከፍልም፤ ስትሪፑ ሒሳብ የሚቀርብበት ተቋም የለውምና።

ሊደረግ የሚችለው ብዙ ወረቀት አይጠይቅም። ስትሪፕ እንደ መድኃኒት በሐኪም ማዘዣ ይታዘዝ፤ ኢንሱሊን የሚወጋ አባል ጠርሙሱን በሚወስድበት መስኮት የወሩን ስትሪፕ አብሮ ይውሰድ፣ ሒሳቡም እንደ መድኃኒቱ በዚያው ቅጽ ይቅረብ። ቤት ውስጥ የሆነው ነገር በዚህ መንገድ ቅጹ ላይ ይገባል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በጨረታ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ማሽን ይምረጥ፣ ስትሪፑን በብዛት ይግዛ፤ ማሽኑን አቅራቢው በነጻ እንዲሰጥ በውሉ ይካተት። የማሽን ሻጮች ትርፋቸው ስትሪፑ ላይ ስለሆነ በዚህ ይስማማሉ። ለልጆች የሚደረገው ድጋፍ ምሳሌ ይሆናል፦ የኢንሱሊን አምራቹ ኖቮ ኖርዲስክ ያለበት የሕፃናት ፕሮግራም ኢንሱሊኑን ከመለኪያውና ከስትሪፑ ጋር ነው የሚሰጠው። ለጋሹ የተረዳውን ከፋዩ መረዳት አይከብደውም፤ ልጁ አድጎ ከፕሮግራሙ ሲወጣ የሚቀበለው መድኑ ነውና። ሴንሰሩ ደግሞ ከጥቂቶች ይጀምር፦ ዓይነት 1 ካለባቸው ነፍሰ ጡሮች፣ ከትንንሽ ልጆች፣ ስኳሩ ሲወርድ ምልክት ከማይሰማቸው።

የመዋጮ መሰብሰቢያው ወቅት ምርት ከገባ በኋላ ነው። በቾ ሜዳ ላይ ጤፉ ተወቅቶ የቀበሌው ሰብሳቢ ደብተር ሊያድስ ሲመጣ፣ ገበሬው የዘንድሮውን ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ መብቱ ነው፦ ከጠርሙሱ ጋር ስትሪፑም ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ሰብሳቢው መልሱን ከወረዳ ይጠይቃል፣ ወረዳውም ከላይ።

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ
ለኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር