የመቅደላው መድፍና ዐዲሱ መነጽር

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፣

ይህ ጥቂት አሳቤ በጋዜጣዎ ዐምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በዐይን ላይ ሲያጠልቁት የሌለውን እንዳለ አድርጎ የሚያሳየው መነጽር ድንገት የተገኘ አይደለም። ኢቫን ሰዘርላንድ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. የዚህን መሣሪያ አባት ሲሠሩ የአገራቸው መንግሥት የምርምር ገንዘብ ረድቷቸዋል። ነጋዴው ትርፉን ያየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የእኛም መንግሥት ለዚህ ጥበብ ገንዘብ ቢመድብ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ይታሰብበት። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሚሲዮናውያኑን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አሠሩ፤ በሰው ጉልበት አስጐትተውም መቅደላ አወጡት። እኔም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና ሠሪዎቹን አልነቅፍም። ሆኖም ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ሠሪዎቹ ከነጥበባቸው ሄዱ፤ መድፉ ብቻ እስከ ዛሬ በአምባው ላይ ቀረ።

መነጽሩን ከውጭ ገዝቶ ለትርኢት ማስቀመጥ እንግዲህ ሁለተኛ ሴባስቶፖል ማጋደም ነው። ገንዘቡ ለሰው ይዋል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ሥራውን ቢማሩ፣ ከመቅደላ ተወስደው በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙትን 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለተማሪዎቻችን ገልጠው ሊያሳዩ ይችላሉ። ተማሪዎቼ ስለ አምባው ሲነገር ሰምተው አድገዋል፤ ከአምባው የተወሰደውን ግን አላዩም።

ይህን ስል ምስሉ የብራናው ምትክ ይሁን ማለቴ አይደለም። ባለዕዳ የዕዳውን ሥዕል ሰጥቶ አይገላገልም።

የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ያስቡበት ዘንድ በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከመካነ ሰላም