ጢሱ በየት በኩል ይውጣ?
ነዳጅን መቈጠብ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መልካም ሥራም ቢሆን በዙሪያው ያለው ሁሉ አብሮ ካልታሰበበት ጉዳትን አስከትሎ ይመጣል። ለዚህ ግልጥ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ያለው የውሃ ማሞቂያ ነው።

በቺካጎና ይህን በመሳሰሉት ብርዳም ከተሞች፥ በብዙ አሮጌ ቤቶች አንድ የጡብ ጢስ ማውጫ ሁለት ዕቃዎችን ያገለግል ነበር፤ እነርሱም ቤቱን የሚያሞቀው ትልቁ የጋዝ ምድጃና ትንሹ የውሃ ማሞቂያ ናቸው። የምድጃው ብርቱ ሙቀት ጡቡን ስለሚያግለው፥ የሁለቱም ጢስ ያለ ማራገቢያ ወደ ላይ ተስቦ ይወጣል።

አዲሱ ቈጣቢ ምድጃ ግን ከጋዙ ሙቀት ከመቶ 90 እጅ በላይ ለቤቱ ያስቀራል። የሚተርፈው ጢስ ቀዝቃዛ ስለሆነ፥ በማራገቢያ ተገፍቶ በፕላስቲክ ቧንቧ ይወጣል። አሮጌው የጢስ ማውጫ ለውሃ ማሞቂያው ብቻ ይቀራል። የአገሩ ባለሙያዎች እንዲህ ብቻውን የቀረውን ማሞቂያ «የሙት ልጅ» ይሉታል። የእርሱ ሙቀት ሰፊውን ጡብ ለማሞቅ አይበቃም። ስለዚህ ጢሱ በመንገድ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ውሃ ሆኖ የጡቡን ማያያዣ ይበላል፤ አንዳንድ ጊዜም ጢሱ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። የወጥ ቤት ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ ሲስብ አደጋው ይብሳል።

ከጢሱ ጋር ሊመጣ የሚችለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኀይሉም ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። በአገራችን በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው የሚተኙትን የሚገድለው ይኸው መርዝ ነው። በአሜሪካም ከቃጠሎ አደጋ ሌላ፥ ከልዩ ልዩ ምክንያት በሚመጣ በዚህ መርዝ ሳያስቡት የሚሞቱ ሰዎች በዓመት ከ400 እንደሚበልጡ የአገሩ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከል ገልጧል።

በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የኤነርጂ መሥሪያ ቤት፥ ከ2028 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠሩት የቤት ጋዝ ምድጃዎች ከጋዙ ሙቀት ከመቶ 95 እጁን ለቤት እንዲያውሉ የሚያዝዝ ደንብ አወጣ። የጋዝ አከፋፋዮች ማኅበርና ተባባሪዎቹ ደንቡን ተቃውመው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ከክርክራቸውም አንዱ ይኸው የአሮጌ ቤቶች ጢስ ማውጫ ጉዳይ ነበር።

በእኛ አስተያየት ችግሩ ቁጠባን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ መፍትሔው የታወቀ ነውና። በጡቡ ውስጥ ለማሞቂያው የሚመጥን የብረት ቧንቧ ማስገባት፥ ወይም ማሞቂያውን በኤሌክትሪክ መለወጥ ይቻላል። በመኝታ ክፍሎች አጠገብም መርዙን የሚያስታውቅ ደወል ይሰቀላል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚሸሽ አከራይ ሲኖር አደጋው በተከራዩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ምድጃው እንዲለወጥ የሚያዝዝ ሹም፥ የሚቀረው ማሞቂያ ጢስ በየት በኩል እንደሚወጣና ወጪውን ማን እንደሚከፍል በዚያው ትእዛዝ ሊወስን ይገባዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።